ለቡችላው ስም ከማጽደቃችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ ጥሩት

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የአዲስ አበባ እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ዶክተር፣ ሁለት ወር ተኩል የሆነው ወንድ ቡችላ አመጣን። ክልስ ነው። አባቱ ጀርመን ሸፐርድ፣ እናቱ የሐበሻ ውሻ ናት ብለውናል። ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። የሰጡን ሰዎች ቡቺ ይሉት ነበር። ትልቁ ልጄ ጃዝ ይባል ይላል፣ ትንሿ ሚኪ ትላለች፣ ባለቤቴ ነብሮ ካልሆነ ብሏል። አማቴ ሚኪ የሚለውን ሲሰሙ የሰው ስም ለውሻ አይሰጥም ብለው ተቆጡ። ሠራተኛችን እስካሁን ቡቺ ነው የምትለው። ሳምንት ሙሉ በአራት ስም ስንጠራው ለማንም አይዞርም። የቱ ይሻላል? ስሙ ቢቀየር ይጎዳዋል? ስንት ቀን ይፈጅበታል? ግቢ እንዲጠብቅልን ነው ያመጣነው፤ ትንሽ ቆይተን ሴት ውሻም ልንጨምር አስበናል።»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ለማንም አለመዞሩ አያስጨንቅሽ። ችግሩ ያለው ቡችላው ጋር አይደለም። በአራት ስም የሚጠራ ቡችላ ስም የለውም ማለት ነው። አንዳችሁም ገና አልጠራችሁትም።

ሰው የልጁን ስም ሲያወጣ ተስፋውን፣ ምርቃቱን፣ የቤቱን ታሪክ ይጨምርበታል። ልጁም አድጎ ይሸከመዋል። ውሻ ግን የስሙን ትርጉም አያውቅም፣ አያኮራውም፣ አያሳፍረውም። ለእሱ ስም ማለት አንድ ድምፅ ነው። ድምፁ ሲሰማ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ነው የሚማረው። ጉርሻ ይመጣል? ጨዋታ ይመጣል? ዱላ ይመጣል? ሰንሰለት ይመጣል? ስለዚህ የቱ ስም ያምራል ከሚለው ይልቅ የቱ ስም ከሩቅ በደንብ ይሰማል፣ ከሌላ ቃል ጋር አይምታታም፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኩል ይጠራዋል የሚለው ይበልጣል። በዚህ ሚዛን የቀረቡትን ስሞች አንድ በአንድ እንያቸው።

ከትልቁ ልጅሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ጃዝ ከአራቱ ሁሉ የማልፈቅደው እሱን ነው። ሙዚቃውን ጠልቼ አይደለም፤ የሙላቱ አስታጥቄ አገር ላይ ተቀምጦ ጃዝን የሚጠላ የለም። ግን እኛ አገር ውሻን ሰው ላይ ስንለቅ ምን እንላለን? «ጃስ!» እንላለን። የሰፈር ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ዘበኛውም፣ በበርሽ የሚያልፈው ቆራሌውም ያውቁታል። ልጅሽ በር ላይ ቆሞ «ጃዝ! ጃዝ!» ብሎ ሲጣራ መንገደኛው የሚሰማው ውሻ ሲለቀቅበት ነው። ሮጦ ይሸሻል ወይም ድንጋይ ያነሳል። ቡችላው ደግሞ የሚሮጥ ነገር ካየ መከተሉ አይቀርም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሰው እንደሚሮጥ፣ እሱም መከተል እንዳለበት ይማራል። ሳታውቁት ጃስ ማለትን አስተማራችሁት ማለት ነው። ጃክ የሚለውን ስም እንኳ፣ ምንም አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ቢሞላ፣ በዚሁ ምክንያት ብዙ አልወደውም። ከሩቅ ሲጮህ የመጨረሻዋ ድምፅ ትጠፋና «ጃ» ብቻ ትቀራለች።

ሚኪ በድምፅ ደረጃ ጎበዝ ስም ነው። አጭር ነው፣ «ክ» መሃሉ ላይ ደንቀፍ ያደርገዋል፣ መጨረሻው ክፍት ስለሆነ «ሚኪይይ» ብሎ ለመሳብ ይመቻል። ግን አማትሽ ልክ ናቸው። የእሳቸው ቁጣ የድሮ ሰው ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሚኪ ማለት ሚካኤል ነው፤ በየወሩ በ12 የሚዘከር መልአክ ስም ነው። እሱን አቆላምጦ ውሻ ላይ መጥራት ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም። ሃይማኖቱንም ተይው። በየሰፈሩ ስንት ሚኪ አለ? ጎረቤትሽ ያለው ሚኪ እናቱ ከቤት ሆና «ሚኪ! ከቆሻሻው ላይ ውረድ!» የሚል ድምፅ ከአንቺ ግቢ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቢው። እኛ አገር «ውሻ» ስድብ ነው። የሰው ስም ለውሻ የሰጠ ሰው፣ ሳያስበው ያንን ስም የያዘውን ሁሉ ሰደበ። እንዲያውም ሆን ብለው የሚያደርጉት አሉ። ከጎረቤት ጋር ተኳርፈው ውሻቸውን በነገር የሚሰይሙ፣ ውሻውን የሚቆጡ መስለው በአጥር ላይ መልእክት የሚልኩ ሞልተዋል። ውሻው ከነገሩ ምንም የለበትም፣ ግን የተወረወረው ድንጋይ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ለአማትሽ አንድ ነገር ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል። መጽሐፈ ጦቢት ላይ ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻቸው አብሮ ይከተላቸዋል። ለጉዞ የተመረጠ ውሻ ነው፤ ስሙ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ውሻን መውደድና የመልአክ ስም መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ቢሉ መከራከሪያ አላቸው።

ቡቺ ቀላል ስም ነው፣ ድምፁም መጥፎ አይደለም። ችግሩ የሁሉም መሆኑ ነው። መንገድ ላይ የማያውቁትን ውሻ የሚያባብል ሰው ሁሉ «ቡቺ ቡቺ» ይላል። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በበርሽ ሥር አልፈው «ቡቺ!» ይላሉ። ጎረቤት ያለውም ውሻ ቡቺ ነው። አንድ ቃል ቀኑን ሙሉ ከየአቅጣጫው እየተጠራ ምንም የማይከተለው ከሆነ ውሻው መስማቱን ያቆማል። እንደ መኪና ጥሩምባ ይሆንበታል፣ አለ ግን ለእኔ አይደለም ይላል። እኛም ክሊኒክ ተቸግረናል። «ቡቺ!» ብለን ስንጠራ ከተቀመጡት ባለቤቶች ግማሹ ይነሳል። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ የባለቤቱን ስም አብረን የምንጽፈው፤ የውሻው ስም ከፊት፣ የባለቤቱ ከኋላ። ሳናስበው ሁሉም ውሻ የአባት ስም ወጣለት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ነብሮ። እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አለኝ።

የመጀመሪያው፣ ስም ውሻን ኃይለኛ አያደርግም። ነብሮ፣ ታይሰን፣ ገዳይ ብሎ መሰየም ግቢ ጠባቂ አያወጣም። ውሻ ጥሩ ጠባቂ የሚሆነው በዝርያው፣ በአስተዳደጉና ከሰው ጋር ባለው ልምድ ነው። ኃይለኛ ስም የሚለውጠው ሰውን ነው። እንግዳው «ነብሮ ነው ስሙ» ሲባል ይሸማቀቃል፣ የተሸማቀቀ ሰው አካሄዱ ይለወጣል፣ ውሻ ደግሞ አካሄዱ የተለወጠ ሰው ላይ ይጠራጠራል። ልጆቹም «ነብሮ ያዘው» እያሉ ያጫውቱታል። አንድ ዓመት ሲሞላው እውነት ይመስላል። ስሙ ሠራ ይባላል። የሠራው ግን ሰው ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ቡችላ ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ ባትጀምሩ ደስ ይለኛል። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን ማመንና መፍራት የሚለይበት ነው። የናንተው አሁን እዚያ መሃል ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው፣ ብዙ ድምፅ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ነጠላ የለበሰ፣ ሞተር የሚነዳ በሰላም ያየ ውሻ ነው አድጎ እውነተኛውን ሌባ ከዘመድ የሚለየው። ሁሉን ሰው የሚፈራ ውሻ ሁሉን ሰው ይነክሳል፣ መጀመሪያ የሚነክሰውም ሌባውን አይደለም።

ሁለተኛው ሐሳቤ፣ ስለ ድምፁ ብቻ ካወራን ነብሮ ከአራቱ የተሻለው ነው። የሰው ስም አይደለም፣ ሰፈር ውስጥ አይደጋገምም፣ መጨረሻው «ሮ» ስለሆነ ከሩቅ ይጎተታል። ዘበኛውም ሠራተኛዋም ሳይቸገሩ ይሉታል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ትንሽ አይምሰልሽ። ውሻው ቀኑን የሚውለው ከማን ጋር ነው? ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እናንተ ሥራ ናችሁ። ከእሱ ጋር የምትውለው ሠራተኛችሁ ናት። ሌሊት አብሮት የሚያድረው ዘበኛው ነው። ቤተሰቡ ከፊልም ያመጣውን አራት ቃል ያለው የፈረንጅ ስም አውጥቶ ሠራተኛዋ «ቡቺ» ስትል የኖረባቸውን ብዙ ቤቶች አውቃለሁ። እዚያ ቤት ውሻው የሚታዘዘው ለእሷ ነው፣ ስሙም ቡቺ ነው፣ ባለቤቶቹ ግን አያውቁም። ስለዚህ ስም ስትመርጡ እሷም ትጠየቅ። አፏ ላይ ካልገባ ስሙ አልጸደቀም።

ነብሮ ላይ አንድ ትንሽ ቅሬታ ይኖረኛል፤ መነሻው ከ«ና» እና ከ«ነይ» ጋር ይቀራረባል። ትልቅ ችግር አይደለም፣ «ነብሮ፣ ና» ተብሎ ቢጠራም ይለየዋል። ከትእዛዝ ጋር መምታታቱ ግን በጥቅሉ መታሰብ ያለበት ነገር ነው። ውሻ ላይ ቀኑን ሙሉ የምንጮኸውን ቃል ቁጠሪ፦ ና፣ ተው፣ ቁጭ በል፣ ሂድ፣ ውጣ፣ ግባ። ከሁሉ የሚበዛው «ተው!» ነው። ቴዎ ብለው የሰየሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ምስኪኑ ውሻ ተጠራ ወይስ ተቆጡት ሳይለይ ግራ ገብቶት ይቆማል። ናና፣ ናኒ የሚሉትም ከ«ና» ጋር ይጋጫሉ። በከተማ ደግሞ ብዙ ሰው ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ ሲት፣ ካም፣ ስቴይ፣ ኖ። እዚያ ቤት ብሩኖ የሚባል ውሻ ካለ መጨረሻው «ኖ» መሆኑን ማን አስተዋለው? በአማርኛ የምታዙት ከሆነ ብሩኖ ምንም ችግር የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ እንደምታዙት ወስኑ፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ተናገሩ፣ ከዚያ ስሙን ከዚያ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ይሄ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ፣ እናት በአማርኛ በሚያዙበት ቤት ስሙ በሁለቱም አፍ እኩል መውጣት አለበት። ጥጋቡ የሚል ስም ለእኛ ያስቃል፤ የሚኒሶታ ጎረቤት ግን «ጥ» ላይ ሲደርስ ያቆማል።

«ጠንካራ ፊደል ያለው፣ ሁለት ቀለም (ሁለት ክፍለ ቃል) የሆነ ስም ይሻላል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ከተጋነነው ያነሰ እውነት አለው። «ብ»፣ «ክ»፣ «ት»፣ «ድ» ያለበት ስም አነሳሱ ስለሚቆረጥ ከሌላ ወሬ መሃል ይለያል። አጭር መሆኑም ለሰው ይጠቅማል፤ ረጅም ስም ሁሉም እንደፈለገ ይቆርጠውና ከአንድ ስም አምስት ስም ይወጣል። ግን ውሻ ለስላሳ ስም አይማርም ማለት አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ቺዋዋ ነበራቸው። ሉሉ ውስጥ ምን ጠንካራ ድምፅ አለ? ምንም። ቤተ መንግሥት ውስጥ ግን የሉሉን ስም የማያውቅ አልነበረም።

የውሻ ጆሮ ከምንገምተው በላይ ነው። ቼዘር የምትባል የቦርደር ኮሊ ዝርያ ውሻ አሜሪካ ውስጥ ነበረች። አሠልጣኟ የ1,022 መጫወቻዎችን ስም ለየብቻ እንዳስተማራት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አሜሪካ ባለው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ወጣ። ውሾቹን ከኋላ የሰው ጫጫታ እየለቀቁ የገዛ ስማቸውንና ተመሳሳይ ዜማ ያለው የሌላ ውሻ ስም አሰሟቸው። ጫጫታው ከስሙ ድምፅ እስካልበለጠ ድረስ የራሳቸውን ለይተዋል። ሲበልጥ ግን አልቻሉም። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውሻሽ ዜማውን ብቻ አይደለም የሚሰማው፣ ቃሉን ራሱን ይለያል። ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ፣ ልጆች እየተጯጯሁ፣ ጎረቤት ብረት እየበየደ «ስሙን አያውቅም» ብሎ መፍረድ ልክ አይደለም።

ለዚህ ነው የበሩን ፈተና የምለው። ስሙን ከማጽደቃችሁ በፊት ሁላችሁም ተራ በተራ በር ላይ ቆማችሁ፣ ውሻው እንደጠፋባችሁ አድርጋችሁ፣ ሙሉ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ጥሩት። አማትሽም ይጥሩት። ከአንዳችሁ አፍ ከወጣ በኋላ ያሳፈራችሁ፣ የተቆረጠባችሁ፣ ጎረቤት ያዞረባችሁ ስም ይቅር። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ የሚያምር ስም ብዙ ነው። ማታ በሦስት ሰዓት ዝናብ እየዘነበ መንገድ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው። ስትጠሩት የምታቆላምጡበትንም ስሙት። አማርኛ ስምን እንዳለ አይተውም። ነብሮ ነብሮዬ ይሆናል፣ ነብርዬ ይሆናል፣ ነብሩሻ ይሆናል። ፍቅር ነው፣ ልከለክላችሁ አልችልም። ግን የመጀመሪያው አንድ ወር ላይ ቁልምጫው ይቆይ። መጀመሪያ አንዷን ድምፅ ይያዛት፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ቅጥያ ብትጨምሩበት ይደርስበታል።

ሌባ ስሙን ከሰማ ያባብለዋል ብለው የውጭና የቤት ብለው ሁለት ስም የሚያወጡ ደንበኞች አሉኝ። አትድከሙ። የማያውቀው ሰው ስሙን ስለጠራው ብቻ ጠባቂ ውሻ ዝም አይልም። አንድ ስም በወጉ ይማር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማስተማሩ። ስም መቀየር አይጎዳውም። የሁለት ወር ተኩል ቡችላ ቡቺ የሚለውን ገና በወጉ አልያዘውም፣ አሁን ለይቶ የሚያውቀው የሰው ድምፅ ቃና ነው። ትልቅ ውሻ ቢሆን እንኳ ይቀየራል። አዲሱን ስም ታስቀድሚና አሮጌውን ታስከትያለሽ፤ ሲዞር ታጎርሺዋለሽ። ከጥቂት ቀን በኋላ አሮጌውን ትተያለሽ። ቀድሞ የነበረበት ቤት ተደብድቦ ከመጣ እንዲያውም መቀየሩን እመክራለሁ፤ የድሮው ስም ሲጠራ ጆሮውን ጥሎ የሚያጎነብስ ውሻ የዱላውን ትዝታ ይዞ ነው የመጣው።

ጉርሻውን አዘጋጂ። የተቀቀለ ሥጋ ወይም ጉበት፣ የጥፍርሽን ግማሽ አክላ የተቆረጠች። ከወጥ የተረፈ አይሁን። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ከሁለቱም የተሠራ ነው። ቡችላው ሌላ ነገር እያየ ሳለ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ በደስታ ድምፅ ትይዋለሽ። አንድ ጊዜ። ሲዞርልሽ በዚያችው ቅጽበት «ጎበዝ» ብለሽ ታጎርሺዋለሽ። ካልዞረ አትድገሚው፣ ቀረብ ብለሽ ወለሉን ቧጨር አድርጊ ወይም ጎንበስ በይ፣ ሲያይሽ አጉርሺው፣ ቀጥሎ ከቅርብ ሞክሪ። አምስት ስድስት ጊዜ ካደረግሽ ይበቃል፣ ሳይሰለቸው ተይው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ሳሎን፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ በገመድ ይዘሽ በር ላይ። ለቡችላ ስታወሪ ድምፅሽ ቀጠን ማለቱ አያሳፍርሽ፣ ቡችሎች እንደ ሕፃን ሲያወሩላቸው ይበልጥ ይነቃሉ። አብዛኛው ቡችላ በቀናት ውስጥ ቤት ውስጥ መዞር ይጀምራል። ሌላ ውሻ፣ የሚሮጥ ልጅ፣ የሥጋ ሽታ ባለበት መንገድ ላይ መዞሩ ግን ወራት ይወስዳል። ስንት ቀን ይፈጃል ላልሽው መልሴ ይሄ ነው፤ የት እንደምትጠሪው ይወስነዋል።

«ነብሮ ነብሮ ነብሮ ነብሮ!» ብሎ መደጋገም የአገሩ ሁሉ ልማድ ነው፣ እባካችሁ አትጀምሩት። እንዲህ የሚጠራ ውሻ የሚማረው አራተኛው ላይ መዞርን ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ የሚጠብቁ ውሾች እንዴት ነው የሚኖሩት? ቀን በሰንሰለት፣ ማታ ልቅ። ጠዋት ሠራተኛው በሩን ከመክፈቱ በፊት ውሻውን ማሰር አለበት። ምን ያደርጋል? ስሙን ይጠራል። ውሻው ይመጣል። ይታሰራል። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ከአንድ ወር በኋላ «ይሄ ውሻ እልኸኛ ሆነ፣ ሲጠሩት ይሸሻል» ብለው እኔ ጋ ይመጣሉ። ውሻው እልኸኛ አይደለም፣ ጎበዝ ተማሪ ነው። ስሙ ማለት ሰንሰለት ማለት እንደሆነ በትክክል ተምሯል። እንዲያውም ስሙን በደንብ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ በሩ ተከፍቶ ወደ አስፋልት ቢወጣና መኪና እየመጣ ብትጠሪው ምን ያደርጋል? ከስሙ ይሸሻል፣ ወደ መኪናው።

መታሰር ካለበት (ባይታሰር ደስ ይለኛል፣ ግን ግቢያችሁን አላየሁም) ስሙን ሳትጠሩ ወደ እሱ ሂዱና ያዙት። ወይም ምግቡን የሚበላበት ቦታ ላይ እሰሩት፣ እየበላ ይታሰር። ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ክሊኒክ መውሰድ ሲኖርም እንዲሁ ነው፤ በስሙ ጠርታችሁ ወደማይወደው ነገር አታግቡት። በቀን ውስጥ ደግሞ ያለ ምክንያት ደጋግማችሁ ጥሩት፣ አጉርሱት፣ ልቀቁት፣ ይሂድ። መጥራት ማለት መያዝ ሁልጊዜ እንዳልሆነ ይወቅ። ምንጣፍ ላይ ሲሸና ስሙን ጠርቶ መቆጣትም ያው ነው። ሲያበላሽ «ተው» በይው፣ ስሙን ከነገሩ አውጪው። ዘበኛውን በተለይ አነጋግሩት። ሌሊት ሲሰለቸው ስሙን እየጠራ በዱላ የሚያስፈራራው ከሆነ እናንተ ቀን የሠራችሁትን እሱ ሌሊት ያፈርሰዋል። እሱም የጉርሻ ድርሻ ይኑረው። ውሻው ለዘበኛው ሲሮጥ ስታዩ ትደነቃላችሁ።

ከአራቱ የቱ ላልሽው፣ ከቀረቡት ነብሮ ይሻላል። ልጆቹ ተሸነፍን ብለው ካለቀሱ ግን ከአራቱ ውጪ አንድ ላቅርብ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው ብለሽኛል። እንዲህ ያለውን ፈረስና ከብት ገጠር ውስጥ ቦራ ይሉታል። ቦራ ከትእዛዝ ጋር አይጋጭም፣ የመላእክት ስም አይደለም፣ «ብ» ተነስቶ «ራ» ላይ ይከፈታል፣ ልጆቹም ቦራ የሚባለውን መዝናኛ ፓርክ አስታውሰው ይስቁበታል። የመልክ ስም ድሮም ለእንስሳ የሚወጣ ነው። ቡሬ፣ ዳማ፣ ዳለቻ፣ ቡላ እያልን አርሰንባቸዋል፣ ጋልበንባቸዋል። አሁን ውሻ ሁሉ ሬክስና ማክስ ሲሆን እነዚህ ስሞች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ለባለቤትሽም ክብር አይቀርበትም። ድሮ መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠሩት። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። ሰፈር ውስጥ ቤታችሁ በውሻው ስም መጠራቱ ስለማይቀር ባለቤትሽ ወይ አባ ነብሮ ወይ አባ ቦራ ነው፤ ይምረጥ።

ስሙ ሲወሰን ሦስት ወር ሲሞላው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ስትወስዱት ካርዱ ላይ በዚያው ስም ይጻፍ። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ካሠራችሁለት ግን ከስሙ ይልቅ ስልክ ቁጥራችሁ ይቅደም። ውሻ ያገኘ ሰው ስሙን ቢያውቅ የት እንደሚመልሰው አያውቅም።

ሴቷን በሚመለከት፣ አሁን ስለ ስሟ ማሰብ ጥሩ ነው ምክንያቱም የሁለቱ ስም መራራቅ አለበት። ቦራ ካላችሁት እሷ ቡሬ ወይም ሎራ አትባል። በፊደሉም፣ በመጨረሻ ድምፁም፣ በርዝመቱም ይለያዩ። እሱ ቦራ ከሆነ እሷ ቲጂ ብትባል ያምራል ብዬ ነበር፣ ግን ሰፈራችሁ ውስጥ ትእግሥት የሚባል ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ቺፕሲ በሏት። እሷን ስትጠሩ «ነይ» እሱን «ና» ትላላችሁ፣ ይሄም ለመለየት ይረዳል፤ በእንግሊዝኛ የሚያዙ ሰዎች ይሄ ዕድል የላቸውም። እሱ ስሙን ሳይይዝ እሷን አታምጡ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተማር አትጀምሩ። ቦራ ስሙን መንገድ ላይ ሳይቀር የሚሰማበት ደረጃ ይድረስ፣ ከዚያ እሷ ትምጣ። መጀመሪያ ለየብቻ፣ በተለያየ ክፍል አስተምሯቸው። በኋላ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንዱን ስትጠሩ የተጠራው ብቻ ይጉረስ፣ ሌላው ባለበት ይጠብቅ። ያልተጠራው ተንደርድሮ ቢመጣ አትቆጡት፣ ዝም ብላችሁ የተጠራውን አጉርሱ። ይገባቸዋል።